ከቀለሃ የተሳበ ሽቦ

በእኛ ጊዜ ሽቦ ከሱቅ አይገዛም፣ ይሳባል። በእጅ፣ በጉልበት፣ በወገብ ይሳባል። ይኸው ወገቤን እይው ዘሀራ፣ እርጅና ያጎበጠው እንዳይመስልሽ፣ ሽቦ ነው ያጎበጠው። ቴፑን ከፈትሽው? ይቀዳል አሁን? እሺ። ታዲያ አንቺም የሙሄን ነገር ልትጠይቂኝ ነው የመጣሽው፤ አያትሽ ነውና ይገባሻል፣ እኔ ግን ደክሞኛል። አንድ ነገር ስንት ጊዜ ይነገራል? ደግሞ እስከ ዛሬ ለሰው የነገርኩት ግማሹን ነው። ዛሬ እስከ ጫፉ እነግርሻለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ግን አትጠይቁኝ።

እኔ አንጥረኛ ነበርኩ፣ አባቴም አንጥረኛ፣ የአባቴም አባት አንጥረኛ። የይፋት ሙሽራ አንገት ላይ የሚውለው ብር ከእኛ ቤት ነበር የሚወጣው። ሙሄ፣ ታናሼ፣ እሳት ፊት መቀመጥ አይወድም፣ ግመል ጭኖ ጨው ይነግዳል። እና ጣሊያን ጣርማ በርን ሸንቁሮ መንገዱን ወደ እኛ ቆላ አወረደ፣ ሮቢት ወንዙ ዳር ድንኳኑን ተከለ። አርበኛው ደግሞ በየጢሻው ይዋጋዋል። ታዲያ ውጊያ ባለፈበት ሁሉ የተተኮሰ ጥይት ቀለሃ ተበትኗል፣ እኔም ሙሄን "መንገድህ ላይ ቀለሃ ካየህ ልቀምልኝ፣ ነሐሱ ለአምባር ይሆነኛል" እለዋለሁ፣ እሱም እፍኝ እፍኝ ያመጣልኛል። አንድ ቀን ጀውሃ ኬላ ላይ ግመሉን አራገፉበት፣ ከጨው ስር አንድ ስልቻ ሙሉ ቀለሃ ወጣ። ስልቻ ሙሉ! ለምን ከጨው ስር አደረገው? ያኔ አልጠየቅኩም። ጭንቅ ላይ ያለ ሰው እንዲህ ያለውን አይጠይቅም።

"ለሽፍታ ጥይት ሊያስሞላበት ነው" ብለው አሰሩት። ሚስት ካገባ ገና ወሩ ነው፣ የሴት አያትሽ የእጇ ሂና አልለቀቀም። ሰኞ በካሚዮን ወደ ደብረ ሲና ይወጣል ተባለ። ያኔ ታስሮ ወደ ደብረ ሲና የወጣ ሰው ይሰቀላል እንጂ አይመለስም።

ታዲያ ረቡዕ ቀን የጣሊያኑ አስተርጓሚ ቤቴ ድረስ መጣ። የእኛው አገር ሰው ነው፣ ጫማ ካደረጉለት ወዲህ ግን አረማመዱ ተለውጧል፣ እንዲህ ደረቱን ነፍቶ "አንተ! ሽቦ የምትስበው አንተ ነህ?" አለኝ። "እኔ ነኝ ጋሼ።" "ሻምበሉ ይፈልግሃል።" እኔንም ሊጨምሩኝ ነው ብዬ ሸሀዳዬን እያልኩ ተከተልኩት።

ድንኳኑ ውስጥ ስገባ ሻምበሉ አንድ ሳንዱቅ ላይ ጎንበስ ብሏል። እግር ያለው ረጅም ሳንዱቅ፣ ክዳኑ ሲከፈት ውስጡ ከዳር እስከ ዳር የተወጠረ ሽቦ። በፊቱ እንደ ጥርስ የተደረደረ እንጨት አለ፣ አንዱን ጥርስ ስትጫኚው ውስጥ የላባ ጫፍ ይነሳና ሽቦውን ጫር አድርጎት ይመለሳል። ክራር በይው፣ ጣቱ ግን ላባ ነው። "ቼምባሎ! ቼምባሎ!" ይላል ሻምበሉ፣ ስሙን መንገሩ ነው። የተራራው ብርድና የቆላው ሙቀት ተፈራርቀውበት አራት ሽቦ ተበጥሶበታል፣ እና ሰውየው ይህን ሳይመታ እንቅልፍ አይወስደውም አሉ።

መጀመሪያ የስልክ ሽቦ አስሮበት ኖሯል። ወፍራም ነው፣ ብርቱ ነው፣ ሲያጠብቁት ሳንዱቁ "ቋ!" አለ፣ ሊሰነጠቅ። ተወው። እኔ ከኪሴ የብር ሽቦ አውጥቼ ሰጠሁት፣ አሰረው፣ ጫር አደረገው፣ "ዱፍ" አለ፣ ብር ለዓይን ነው እንጂ ለጆሮ አይሆንም። "ኖን ቦኖ" አለ፣ አይረባም ማለቱ ነው፣ የተበጠሰውን አሮጌ ሽቦ እጄ ላይ አኖረልኝ። ወደ ብርሃን አውጥቼ አየሁት፣ በጥርሴ ነከስኩት። "ይኼ ነሐስ ነው" አልኩ። "ነሐስ አለህ?" ይላል አስተርጓሚው። የለኝም። ዞር ስል የሙሄ ስልቻ ጠረጴዛው ስር ተቀምጧል፣ ቀለሃው በአፉ ይታያል። "ከዚያ ይወጣል" አልኩ።

አስተርጓሚው ክው አለ። "አንተ ሰው፣ ራስህን ልታሰቅል ነው?" አለኝ በሹክሹክታ። "ንገርልኝ ጋሼ፣ ወንድሜ የለቀመው ለእኔ ነው፣ ለጌጥ ነው በልልኝ።" ነገረው። ሻምበሉ አየኝ፣ አየኝ፣ ከዚያ ቁርኣን አስመጣና "ማል" አለኝ። ዉዱእ አድርጌ፣ እጄን ጭኜ፣ "ወላሂ ለጌጥ ነው" ብዬ ማልኩ። "እንግዲያ ቀለሃው ሽቦ ከሆነ ወንድምህ ይፈታል፣ ካልሆነ ሰኞ ሁለታችሁም ትወጣላችሁ" አለ።

እና አቀለጥኩ። ቀጠቀጥኩ። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የብረት ገበታ አለን፣ ከሰፊው ቀዳዳ ወደ ጠባቡ እያሳለፍሽ ትስቢዋለሽ፣ ሽቦው ሲደርቅብሽ እሳት ታሳዪውና ይለሰልሳል፣ እንደገና ትስቢዋለሽ። መጨረሻ ላይ፣ ልኩ ሲደርስ፣ አንድ ጊዜ እሳት ይገባል። ይህ የአባቴ ሕግ ነው፤ "ለጣት ያልታዘዘ ሽቦ ለሙሽራ አይሰጥም" ይል ነበር። ጣትሽ ላይ ስትጠመጥሚው ዝም ብሎ መቅረት አለበት። እኔም እንደዚያው አደረግኩ፣ እንዲያውም ነፍስ ያለችበት ነው ብዬ ከሙሽራም አብልጬ አለሰለስኩት።

ቅዳሜ ወሰድኩለት። አሰረው፣ አጠበቀው፣ ድምፁ ወጣ፣ አልሃምዱሊላህ ልል አፌን ስከፍት "ውውውው..." እያለ ወረደ። አጠበቀው፣ ወረደ። አጠበቀው፣ ወረደ፣ ሽቦው እንደ ሊጥ ይለጠጣል። "ኖን ቦኖ! ኖን ቦኖ!" አለና አውጥቶ ፊቴ ላይ ወረወረው። "አላገጥክብኝ ነው የሚለው፣ ውጣ" አለኝ አስተርጓሚው። ስወጣ ሙሄ ከአጥሩ ሽቦ ኋላ ቆሟል። ፊቴን አይቶ ገባው። "ሰይድ፣ በቃ አትድከም" አለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ሲደክመኝ የምሰማው እሱን ነው።

እሁድ ጎህ ሲቀድ ሱብሂ ሰግጄ ተቀመጥኩ፣ ምንም አላሰብኩም፣ ደክሞኝ ነው የተቀመጥኩት። ያ የጣሊያኑ አሮጌ ሽቦ ለልክ ብዬ ያስቀረሁት እጄ ላይ ነበር፣ ሳላስበው ጣቴ ላይ ስጠመጥመው ተፈናጥሮ ወጋኝ፣ ደሜ መጣ። ደግሜ ጠመጠምኩት፣ ደግሞ ተፈናጠረ። አይታዘዝም! ለካ የማይታዘዘው ነው የሚዘፍነው። እኔ በአባቴ እጅ፣ በሙሽራ ሕግ፣ ወንድሜን ልገድለው ነበር። ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው ይላሉ አይደል? ገና ሳልጨርሰው የቀረ አንድ ጥቅል ወፈር ያለ ነሐስ ነበረኝ፣ እሱን ያለ እሳት፣ እንደቀዘቀዘ፣ ከቀዳዳ ቀዳዳ ሳብኩት። መዳፌ ተላጠ። ሁለት ጊዜ ተበጠሰብኝ። እስከ ከሰዓት በኋላው የአስር ሰላት ድረስ አራት ሽቦ ወጣኝ፣ አምስተኛ የለም። ጥሬ ሽቦ ከእጄ ሲወጣ ደግሞ አፈርኩ፣ ታምኚያለሽ? በዚያ ጭንቅ መሃል አባቴ ቢያየኝ ብዬ አፈርኩ።

ሰኞ ስደርስ የካሚዮኑ ሞተር ተነስቷል፣ ሙሄ ከሌሎች እስረኞች ጋር ላዩ ላይ ነው፣ እጁ የኋሊት። ሻምበሉ ሊያየኝ አልፈለገም። ያ አስተርጓሚ፣ ያ ደረተ ንፉው፣ አላህ ይማረውና እሱ ነው በራሳቸው ቋንቋ የተለማመጠልኝ፣ ምን እንዳለው ዛሬም አላውቅ። ብቻ ሻምበሉ ተቀብሎ ገባ። አሰረው። አጠበቀው። ያዘ! አራቱም ያዙ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ይመታ ጀመር። ሰው "ዜማው እንዴት ነበር?" ይለኛል፣ እኔ መቼ እሱን ሰማሁ? እኔ የምሰማው የካሚዮኑን ሞተር ነው፤ ሄደ? አልሄደም፣ ሄደ? አልሄደም። ሰውየው ጨርሶ "ቦኖ" አለ፣ ሙሄን አወረዱት።

ለሰው የምነግረው እዚህ ድረስ ነው። ቀሪውን ስሚ እንግዲህ።

ወደ ቤት ስንሄድ ሙሄ ታስሮ የነበረ እጁን ያሻል። ወንዙን ስንሻገር "በምን አሳመንካቸው?" አለኝ። "ቁርኣን ይዤ ማልኩ፣ ለጌጥ ነው ብዬ።" ቀጥ ብሎ ቆመ። "ሰይድ፣ ላንተ የማመጣው እፍኝ እፍኙን ነበር። ስልቻው ያንተ አልነበረም። ጫካ ላሉት ነበር፣ ጥይት ሊሞሉበት" አለኝ። እኔም ቁጭ አልኩ፣ እዚያው ድንጋዩ ላይ። በሐሰት ምያለሁ። የሰዎቹን ጥይት ደግሞ ለጣሊያን መጫወቻ አድርጌለታለሁ። እሱ ግን አልተቆጣኝም። ሁለት ወር ከሚስቱ ጋር ተቀመጠና ጫካ ገባ፣ በገባ በሳምንቱ ሞቱን ሰማን። ጥይት አልቆበት ነው? አይደለም? የነገረኝ የለም። ይኸው ስንት ዘመኔ፣ በእያንዳንዱ ሰላት ይህንኑ እጠይቃለሁ፤ እኔ ለወንድሜ ምን አተረፍኩለት? ሁለት ወር። በቃ። ዝጊው ቴፑን ልጄ፣ ደክሞኛል።

"አባባ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት" አለች ዘሀራ። "አባቴ የተወለደው አያቴ ከሞተ ስንት ወር ቆይቶ ነው?"

"በስምንተኛው ወር። ጆሮው ላይ አዛን ያልኩበት እኔ ነኝ።"

"እስቲ ከልደቱ ዘጠኝ ወር ወደ ኋላ ቁጠሩት አንቱ።"

ሽማግሌው ጠባሳ በያዘው መዳፋቸው ጣታቸውን አንድ አንድ እያጠፉ ቆጠሩ። አንድ ጊዜ ጨርሰው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ከዚያ ቀና ብለው አዩዋትና፣ ድክም ባለ ድምፅ ሳቁ፤ "አንቺ ልጅ፣ ሽቦ ስለካ ኖሬ ይኼን ሳልቆጥረው?"