ሰውዬው የሚያለቅስበት ኖታ

አዲስ አበባ፣ አንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት፤ የምረቃ ፈተናው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው የጊታር መምህሩ ጋሽ ደምሰውና ተፈታኟ ሰናይት በልምምድ ክፍሉ ብቻቸውን ናቸው።

ደምሰው፦ አቁሚ። አቁሚ ብያለሁ። እሱን የሶል ኖታ ማን ከፍ አድርጊው አለሽ?

ሰናይት፦ ሙዚቃውን የደረሰው ሰውዬ ራሱ፣ ጋሼ። የጻፈው እንደዚያ ነው።

ደምሰው፦ ብራዚላዊው ሞቶ አፈር ከሆነ ቆይቷል። ላንቺ ብቻ ስልክ ደወለልሽ?

ሰናይት፦ በእጁ የጻፈው ኖታ ፎቶው ኢንተርኔት ላይ አለ፤ አይቼዋለሁ። ሶሉ ፊት ሻርፕ አለ፤ ግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል። አሳታሚው ያቺን ምልክት ዘለላት።

ደምሰው፦ አሳታሚ ተሳሳተ፤ አንቺ ጥፍርሽን በቅጡ መሞረድ ሳትችዪ ደረስሽበት።

ሰናይት፦ ያው ዜማ አራተኛው ገጽ ላይ ተመልሶ ሲመጣ እኮ በታተመውም ላይ ሻርፕ አለው። ሰው አንዱን ዜማ አንዴ እያለቀሰ፣ አንዴ እየሳቀ ይጽፋል?

ደምሰው፦ ይጽፋል። ትርጓሜ የሚባለው ይኼ ነው። እዚህ ጋ ሰውዬው ያለቅሳል። ለዚህ ነው ቀስ የምንለው፣ ሶሉን ይዘን የምንቆየው። ቾሮ የሚለው የሙዚቃው ስም ራሱ በቋንቋቸው ልቅሶ ማለት ነው። ይህንኑ ስጫወት ሬዲዮ ላይ የተቀዳውን ሰምቶ ሆዱ ያልባባ ሰው አላውቅም።

ሰናይት፦ እሱማ እኔም ልጅ ሆኜ አልቅሼበታለሁ። ግን ስሙ ነው ልቅሶ፤ የሚጫወቱት ሰፈር ውስጥ ተሰብስበው፣ እየተፎካከሩ፣ እየተቀላለዱ ነው። ሻርፑን ሲያስገቡት ቀስ ማለት ራሱ አይመችም፤ እጅ ዝም ብሎ ይሮጣል። ሰውዬው አያለቅስም፣ ጋሼ። እየቀለደ ነው።

ደምሰው፦ ጨረስሽ? የኖታውን ሦስት ኮፒ ለፈታኞች ሰጥተሻል?

ሰናይት፦ ለሁለቱ እንግዳ ፈታኞች ጠዋት እጃቸው ላይ ሰጥቻለሁ። የእርስዎን አዳራሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ደምሰው፦ እንግዲያው ወረቀቱ ላይ ያለውን ትጫወቻለሽ። ወረቀቱ ላይ የሌለ ኖታ የሚጫወት ተፈታኝ ይወድቃል። የፈታኞቹ ሰብሳቢ እኔ ነኝ። ካላመንሽ ወንድምሽን ጠይቂው።

ሰናይት፦ ይድነቃቸውን አያንሱብኝ።

ደምሰው፦ ለምን አላነሳውም? እዚሁ ወንበር ላይ ነበር የሚቀመጠው። ፈተናው ላይ ያንኑ ሶል ከፍ አደረገብኝ። ሦስት ጊዜ አስደገምኩት፣ በሰው ፊት። ሦስቴም ያው ነው። ጆሮ የለህም፣ ሂድ አልኩት። ሄደ። ጆሮ ያለው ሰው እንደዚያ ቶሎ አይሄድም።

ሰናይት፦ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። አሁን መጋረጃ ይሰቅላል። ሠርግ ላይ እንኳ አያጨበጭብም፤ ምቱን እስታለሁ ብሎ ይፈራል። እኔ ጊታር ሳነሳ ከቤት ይወጣል። ያቺን ሶል ግን በጆሮው ነበር ያገኛት። የእጅ ጽሑፉን አላየ፣ ማንም አልነገረው።

ደምሰው፦ ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? ያኔ የነበረን ሃቫና ተምሬ ስመለስ ይዤው የመጣሁት የኖታ መጽሐፍ ብቻ ነው። የታተመውን አመንኩ። ሳያውቁ መሳሳት ወንጀል ነው?

ሰናይት፦ ሳያውቁ ከሆነ አይደለም። መጽሐፉን ትናንት ሲያውሱኝ ሁለተኛው ገጽ ግርጌ ላይ በእርሳስ የተጻፈ አገኘሁ። ላንብብልዎ? «ይህ ሶል የኅትመት ስህተት ነው። ሻርፕ ነው። ከሃቫና ከተላከልኝ የደራሲው የእጅ ጽሑፍ አየሁ።» ቀንም አለው። ይድነቃቸው ከመውደቁ አራት ዓመት በፊት። ደብተሬን ሲያርሙ የኖሩበት የእርስዎ ጽሕፈት ነው፤ አልስተውም።

ደምሰው፦ በሩን ዝጊው።

ሰናይት፦ ዝግ ነው።

ደምሰው፦ ሬዲዮ ላይ ከተቀዳሁ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው ያወቅሁት። ምን ልል ነበር? ያንን ሁሉ ሰው፣ ይቅርታ፣ ያስለቀሳችሁ የማተሚያ ቤት ስህተት ነው ልበል?

ሰናይት፦ ለአንድ ልጅ ልክ ነህ ማለት ይበቃ ነበር። ለብቻው፣ ቀስ ብለው። ማንም አይሰማም ነበር።

ደምሰው፦ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እኔ ዕድሜዬን ፈጅቼ ከሰው ወረቀት ያገኘሁትን እሱ እንዲሁ በጆሮው አገኘው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ጠላሁት። እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ ሦስተኛውን ሲደግምልኝ፣ ልክ መሆኑን እያወቅሁ ጠላሁት።

ሰናይት፦ እና ጣሉት።

ደምሰው፦ ጣልኩት። አንቺንም መጣል አይከብደኝም። አምጪ መጽሐፉን። ከመሳቢያው ላጲሱንም አቀብዪኝ።

ሰናይት፦ ይኸው።

ደምሰው፦ እየውልሽ። አሁን ምን ይታይሻል?

ሰናይት፦ ምንም። ወረቀቱ ትንሽ ሳሳ።

ደምሰው፦ ስለዚህ ወንድምሽ ጆሮ የለውም፤ እኔም የማውቀው ነገር የለም። አንቺ ደግሞ ዲፕሎማሽን ከፈለግሽ፣ እዚህ ጋ ሰውዬው ያለቅሳል። ተግባባን?

ሰናይት፦ ተግባባን። ልክ እርስዎ እንዳሉት እጫወተዋለሁ፤ ቀስ ብዬ፣ ሶሉን ይዤ። እዚህ የመጣሁት እኮ ለይድነቃቸው የምወስድለት አንድ ቃል ካገኘሁ ብዬ ነበር።

ደምሰው፦ ጆሮ የለህም ብለውሃል በዪው፤ ያው ነው። ተነሽ፣ እንግዶቹ ይጠብቁናል።

ሰናይት፦ እሺ። ብቻ ጋሼ፣ የኔ ኮፒ ደብዝዞ ስለነበር ሦስቱንም የፈታኞች ኮፒ ትናንት ያነሳሁት ከዚሁ መጽሐፍ ነው፤ እርሳሱ ከኅትመቱ በልጦ ወጥቷል። ጠዋት አንደኛው እንግዳ፣ ይኼ ግርጌ ላይ ያለው የማን ጽሕፈት ነው ብለው ጠየቁኝ፤ ጋሽ ደምሰው ራሳቸው አዳራሽ ውስጥ ያነቡልዎታል አልኳቸው።