ድልድይ ሰባሪው መቶ አለቃ

ቢሾፍቱ፤ የጡረተኛው የቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብራሪ የሻለቃ ወንድይራድ ግቢ፤ ረፋድ ላይ ሻለቃ ቲማቲማቸውን ውኃ ያጠጣሉ፤ በቅርቡ የሞተው የበረራ ጓዳቸው የመቶ አለቃ ልሳነወርቅ የእህት ልጅ ሶስና አልሄድም ብላ ቆማለች።

ሻለቃ፦ አልመጣም አልኩሽ እኮ! የመቃብሩን ድንጋይ መርቁ፣ ንፍሯችሁን ብሉ፣ እኔን ተዉኝ።

ሶስና፦ ሻለቃ፣ ከዚያ አውሮፕላን ሰዎች በሕይወት ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። እርስዎ ካልመሰከሩለት ማን ይመስክርለት?

ሻለቃ፦ ናቪጌተሩን፣ መንገድ መሪያችንን ጠይቂው።

ሶስና፦ ሻምበል ኀይለልዑልን? ቀብራቸው ላይ እርስዎም ነበሩ እኮ!

ሻለቃ፦ ነበርኩ። በቁሙም መንገድ አያውቅም ነበር፤ ሞቶ ወዴት እንደሄደ እንጃለት።

ሶስና፦ የአየር ኃይል ጡረተኞችን አንድ በአንድ አነጋግሬያለሁ። ሦስት ሰው በሚይዝ አውሮፕላን ውስጥ ያልተሳፈረ የለም። የመኮንኖች ክበብ ወጥ ሠሪው ሳይቀሩ «እኔም ነበርኩበት» አሉኝ።

ሻለቃ፦ እሱስ ወጡን ቀምሰን ስለምንነሣ በሆዳችን ውስጥ ነበር።

ሶስና፦ ዘመዶቼ ድንጋዩ ላይ ምን ሊያስቀርጹ እንደሆነ ግን ያውቃሉ? «ድልድይ ሰባሪው መቶ አለቃ ልሳነወርቅ»።

ሻለቃ፦ ምን? ያን ቧንቧ ዝጊልኝ እስቲ! ድልድይ ሰባሪው? እሱ? የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው አሉ!

ሶስና፦ የስኳድሮኑ፣ የበረራ ምድባችሁ የታሪክ መጽሐፍ ላይ ታትሟል። «የቆላው ድልድይ በወንድይራድ አውሮፕላን ተሰበረ» ይላል። እርስዎም በዚያው ተሸልመዋል።

ሻለቃ፦ ታዲያ የኔ ስም ነው ያለው! አውሮፕላን ያለ አብራሪ ይሄዳል? አጎትሽ ቦምብ ጣይ ነበር፤ ቦምብ ጣይ ማለት የአውሮፕላኑ አፍንጫ ላይ በሆዱ ተኝቶ ቁልፍ የሚጫን ሰው ነው። ተኝቶ ጀግና አለ?

ሶስና፦ ስለዚህ ድልድዩን የሰበሩት እርስዎ ነዎት?

ሻለቃ፦ እንግዲህ... ታሪኩ እንዳለው ነው።

ሶስና፦ በቀደም ተሻገርኩበት።

ሻለቃ፦ ምኑን?

ሶስና፦ ድልድዩን። በአውቶቡስ። ከፊታችን የጭነት መኪና፣ ከኋላችን ግመል።

ሻለቃ፦ ጠግነውት ይሆናላ።

ሶስና፦ ጣሊያን ሲሠራው የቀረጸው ዓመት ሳይቀር ግንቡ ላይ ይነበባል። ጭረት አልነካውም።

ሻለቃ፦ አንቺን ምን አስኬደሽ? አርፈሽ ሥራሽን አትሠሪም?

ሶስና፦ ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ብዬ ነዋ። እሱ ነው ያሳደገኝ። ስለ ጦርነቱ ትንፍሽ ሳይል ሞተ፤ አሁን ደረቱ ላይ የውሸት ድንጋይ ልጫንበት? ደሞ እናንተ ሁለታችሁ በአንድ ዕድር፣ በአንድ ደብር፣ «እንደምን አደርክ» ሳትባባሉ አረጃችሁ። ለምን?

ሻለቃ፦ ሆድ ይፍጀው።

ሶስና፦ የማን ሆድ? የአውሮፕላኑ?

ሻለቃ፦ ማን ነገረሽ?

ሶስና፦ ምን አልኩ እኔ?

ሻለቃ፦ «የአውሮፕላኑ ሆድ» አልሽ!

ሶስና፦ ውስጡ ምን ነበረ፣ ሻለቃ?

ሻለቃ፦ ድምፅሽን ቀንሺ፤ አጸደ ጓዳ ናት። ባለቤቴ እስከ ዛሬ አታውቅም... አልጋ።

ሶስና፦ የምን አልጋ?

ሻለቃ፦ የሠርጌ! የአሥመራ ብረት፣ ራስጌው ላይ የናስ ጉልላት ያለው። ሠርጌ ደርሶ ነበር። ከአሥመራ ወደ ድሬዳዋ ስንዛወር የአውሮፕላኑ ሆድ ባዶውን ከሚሄድ ብዬ አሳሰርኩት። እንዳይጫጫር በአሮጌ ፓራሹት አስጠቀለልኩት። ድሬዳዋ እንደደረስን፣ ሳላወርደው፣ «ተነሡ!» ተባለ። ቦምቡን ክንፋችን ሥር አንጠልጥለውልን በረርን።

ሶስና፦ ከነአልጋው?

ሻለቃ፦ ከነአልጋው! ድልድዩ ጋ ስንደርስ «ጣል!» አልኩት። «ደመና ነው፣ አይታየኝም፣ አዙር» አለ አጎትሽ። አዞርኩ። «ጣል!» አሁንም «ደመና ነው፣ አዙር»። የምን ደመና? ሰማዩ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ጥርት ብሏል! ኀይለልዑል ካርታው ላይ አስመልሶት የት አገር እንዳለን እንኳ አያውቅም። በመጨረሻ «ጣል፣ አለዚያ ስናርፍ አስይዝሃለሁ!» ስለው ተከፈተ።

ሶስና፦ ሆዱ።

ሻለቃ፦ ሆዱ! የክንፉን ትቶ የሆዱን። ዞር ብዬ ባይ አልጋዬ በፓራሹት እየተንሳፈፈ ይወርዳል። ተደላድሎ! እንግዳ እንደሚቀበል!

ሶስና፦ ይቅርታ ሻለቃ፣ ልስቅ ነው።

ሻለቃ፦ ሳቂ። ላም አለኝ በሰማይ ሲሉ እሰማ ነበር፤ እኔ ግን አልጋዬን በሰማይ በዓይኔ አየሁት።

ሶስና፦ ቦምቡስ?

ሻለቃ፦ «ተጣበቀብኝ፣ አልወርድ አለኝ» አለ። በኋላ ሰው በሌለበት በረሃ ላይ ሲነካው ዱብ! ለበረሃው ድንጋይ ሲሆን አልተጣበቀም።

ሶስና፦ ታዲያ ለአለቆችዎ ምን አሉ?

ሻለቃ፦ ምን ልበል? ንጉሡ ከአልጋ በወረዱ ማግስት «አልጋ ጣልን» ብዬ ሪፖርት ላድርግ? «የማንን አልጋ? ማን ሊወጣበት?» ብለው ይጠረንፉኝ ነበር! «ዒላማው ላይ ወድቋል» አልኩ። ውሸት ነው? ወድቋል። ምን እንደወደቀ የጠየቀኝ የለም። ጠላት ደግሞ «አዲስ መሣሪያ ነው» ብሎ ድልድዩን ሳይጠጋ ሰነበተ። የኛዎቹ የሚሻገር ሲያጡ «ተሰብሯል» ብለው ጻፉ።

ሶስና፦ እትዬ አጸደስ?

ሻለቃ፦ ባለ ናስ አልጋ አመጣለሁ ብዬ ቃል ገብቼ፣ መደብ ላይ ተሞሸረች። እናቷ እስኪሞቱ ድረስ «ባለ ናሱ» እያሉ ነበር የሚጠሩኝ። ባለ ናሱ መጣ፣ ባለ ናሱ ሄደ! ወታደራዊ ምሥጢር ነው፣ ምን ብዬ ላስረዳቸው? አጎትሽ ይቅርታ እንኳ አላለኝም። አንዲት ቃል!

ሶስና፦ አልጋውን አይቼዋለሁ።

ሻለቃ፦ የቱን?

ሶስና፦ የእርስዎን። ድልድዩ ማዶ ያለ መንደር ውስጥ ነው። ሃዋ የሚባሉ አሮጊት ይተኙበታል። አንድ እግሩ ተቆልምሞ ቀጥቃጭ አቃንቶታል።

ሻለቃ፦ ጉልላቱስ? ናሱስ?

ሶስና፦ ወልውለውት ፊት ያሳያል።

ሻለቃ፦ እግዚኦ! እንዲያው... ይመቻል አሉ?

ሶስና፦ ልጆቻቸውን ሁሉ የወለዱት እሱ ላይ ነው።

ሻለቃ፦ በኔ አልጋ! በኔ አልጋ የሰው አገር ሰው ተሞሽሮ፣ እኔ መደብ ላይ!

ሶስና፦ ሻለቃ፣ ሃዋ ያን ቀን ድልድዩ ላይ ነበሩ።

ሻለቃ፦ የት?

ሶስና፦ ድልድዩ ላይ። መንደሩ በሙሉ ጦርነቱን ሸሽቶ እየተሻገረ ነበር። ሴቱ፣ ሕፃኑ፣ ፍየሉ፣ በሽተኛው በቃሬዛ።

ሻለቃ፦ ታንክ ነው የተባልነው።

ሶስና፦ ታንክ አልነበረም። አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ ሲዞር፣ አፍንጫው ላይ ባለው መስተዋት ውስጥ በሆዱ የተኛ ሰው በእጁ «ሂዱ፣ ሂዱ» እያለ እንደ ዝንብ ሲያባርራቸው አይተዋል። እነሱ ሰላምታ መሰላቸው። እነሱም እጃቸውን ያወዛውዙለት ጀመር።

ሻለቃ፦ ሰላምታ?

ሶስና፦ ሕፃናቱ ደግሞ ያጨበጭባሉ። እሱ ሂዱ ባለ ቁጥር እነሱ ቆመው እጅ ይነሳሉ። አልጋው ሲወርድባቸው ጊዜ ነው ጅብ እንዳየ በግ የተበተኑት።

ሻለቃ፦ ደመና ነው አለኝ እኮ።

ሶስና፦ አዎ።

ሻለቃ፦ እኔ አይታየኝም። አብራሪ ፊት ለፊቱን እንጂ ከሥሩ ያለውን አያይም። ለምን አልነገረኝም?

ሶስና፦ ያኔ ቢነግርዎ ምን ያደርጉ ነበር?

ሻለቃ፦ ምን አደርጋለሁ...

ሶስና፦ ሻለቃ?

ሻለቃ፦ ትእዛዝ ነበር። ወጣት ነበርኩ። አስይዘው ነበር።

ሶስና፦ ይረሸን ነበር።

ሻለቃ፦ እሺ፣ ያኔስ ይሁን። ኋላስ? መንግሥት ሲለወጥ? ጡረታ ስንወጣ? ዕድር ላይ ከፊቴ ተቀምጦ ቆሎ ሲቆረጥም አንድ ቀን «ወንድይራድ፣ ነገሩ እንዲህ ነበር» ቢለኝ ምን ነበረበት?

ሶስና፦ ሊሞት ሰሞን «ሻለቃ በምን ተቀየሙህ?» ብዬው ነበር። «በአልጋ» አለኝ። ትኩሳቱ ያስቀባጠረው መስሎኝ ነበር። «እባክህ ታረቀው» ስለው ምን እንዳለኝ ልንገርዎ?

ሻለቃ፦ ምን አለ?

ሶስና፦ «ተይው፣ ወንድይራድ አልጋውን እያሰበ ቢናደድ ይሻለዋል። ሌላውን ካሰበ እንቅልፍ አይወስደውም።»

ሻለቃ፦ ለኔ እንቅልፍ ብሎ ነው?

ሶስና፦ ሻለቃ፣ ቲማቲሙ ላይ ቆመዋል።

ሻለቃ፦ ቲማቲሙ ገደል ይግባ። ደጋግሜ «ጣል» አልኩት እኮ። በዚህ አፌ!

ሶስና፦ አልጣለም እኮ።

ሻለቃ፦ «ድልድይ ሰባሪ» የሚለውን አስተዪልኝ። ዘመዶችሽ እንቢ ካሉ ወደኔ ላኪያቸው።

ሶስና፦ ታዲያ ምን ይቀረጽ?

ሻለቃ፦ ስሙ ይበቃል። ስሚ... መቃብሩ አጠገብ ባዶ ቦታ አለ?

ሶስና፦ ለማን?

ሻለቃ፦ ለኔ ነዋ፣ ለማን ይሆናል!

ሶስና፦ አለ። ግን ሻለቃ፣ በጣም ጠባብ ነው።

ሻለቃ፦ ግድ የለም፤ «ተጠጋ» እለዋለሁ።