ዓምድ በስሙ ይጠራ

«ማንን ልታለቅሺ መጣሽ?» አሉኝ ሟቹ፣ በሩን ራሳቸው ከፍተው።

አቶ ጎሹ ናቸው፤ የእድራችን ሊቀ መንበር፣ አትላንታ ዳር ቻምብሊ ውስጥ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ። ነጠላዬን ዘቅዝቄ የሮጥኩት ጠዋት በየስልካችን «አቶ ጎሹ ዐርፈዋል» የሚል የእድር መልእክት ስለገባ ነው። የመኪና ማቆሚያው ከኋላዬ በለቀስተኛ እየሞላ ነው።

«እርስዎን ነበር፤ ካልተመቸ ልመለስ» አልኳቸው።

አልሳቁም። «የሞተው የዱሉዝ ሰፈሩ ሸፊቅ ነው! ሚስቱ ነዚፋ ለእኔ ደወለች፣ እኔ ለዱሉዙ የእድር ጸሐፊ ነገርኩ። ከዙህር ሶላት በኋላ ባሏን ትቀብራለች፣ እናንተ እዚህ እኔን ታለቅሳላችሁ!»

ይህን ሲሉ የጎረቤታችን ልጅ ኤልሮኢ ላፕቶፗን አቅፋ ገባች። ከየሰፈሩ የሚላከውን ፋይል አንብቦ መልእክት የሚያሰራጨውን ፕሮግራም የጻፈችው እሷ ናት። «ሁለተኛው ዓምድ ሟች፣ ሦስተኛው መርዶ ነጋሪ፤ በቁጥር ይነበብ» ብለው ያዘዟት ግን እሳቸው ናቸው።

«ጸሐፊው ሁለቱን ዓምዶች አቀያይሯቸዋል» አለች።

«እሱ ይቀጣ! ተራ የማያውቅ ሰው ጸሐፊ አይሆንም።»

«ጋሼ፣ አንድ ሰው ተራ ስለሳተ ሐዘንተኛዋ ብቻዋን ትቅር? የዓምዱ አናት ላይ ‹ሟች› ተብሎ ተጽፏል እኮ! ፕሮግራሙ ያላነበበው አንተ በቁጥር ብቻ ስላልክ ነው።»

አንቱታን አትላንታ አላስተማረቻትም፤ በቁጣዋ ግን አልፈረድኩባትም። እኔም ነድጄ ነበር።

«ለቅሶ ቤት ስትገባ ሐዘንተኛዋን የምታውቃት ከበሩ ሁለተኛ ወንበር ላይ ስለተቀመጠች ነው?» አለቻቸው ኤልሮኢ።

«በመልኳ ነዋ!»

«ወንበር ብትቀይርስ?»

«ብትቀይርማ ያው ራሷ...» ብለው ጀመሩ። ግን እጅ መስጠት ከብዷቸው፣ «እሺ፣ ዓምዱ ጭራሽ ባይኖርስ?» አሉ።

«ፕሮግራሙ በስም ከፈለገ ይቆማል። ‹ሟች የሚል አላገኘሁም› ብሎ ይጠይቀናል። የአሁኑ ግን አንዱ ሲጎድል ከጎን ያለውን ይወስዳል።»

«ይገድላል በይው» አልኩ።

አቶ ጎሹ በመስኮት ወደ ለቀስተኞቻቸው አዩ። አንዷ ደረቷን እየመታች ነው። «አስተካክይው፤ ቶሎ በይ» አሉ።

የታረመው መልእክት እንደደረሰ መኪናው ሁሉ ወደ ዱሉዝ ዞረ። እሳቸው መንገዱን ሙሉ ሰበኩኝ፤ ሐሳቡ ከራሳቸው የመነጨ ይመስል። «በስም ሲጠራ ጸሐፊው ቢያቀያይርም፣ አዲስ ዓምድ ቢጨምርም አይጎዳም። ቢጎድል ደግሞ ማሽኑ ከመዋሸቱ በፊት ይናገራል። ሰው ሁሉ እንደ እኔ ተራ ይጠብቅ ማለት ግትርነት ነው፣ ሸዋነሽ።»

«ማን እንዲህ ይል ነበር?» አልኩ።

ሌሎቹ ወንዶች ለጀናዛው ሶላት በቀጥታ ወደ መስጊድ ሄዱ፤ አቶ ጎሹ ግን መጀመሪያ ሐዘንተኛዋን ሊያዩ ከእኛ ከሴቶቹ ጋር መጡ። ለቅሶ ቤቱ ስንገባ ነዚፋ ከእህቷ ከነሲባ ጋር ብቻ፣ በባዶ ወንበሮች ተከብባ ተቀምጣለች። አቶ ጎሹ አጎነበሱና ስለ ዓምዱ፣ ስለ አናቱ ጽሑፍ፣ አንድም ሳያስቀሩ አስረዷት።

«ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ስሕተት ሁለተኛ አይደርስብሽም» አሏት በመጨረሻ።

ነዚፋ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ልክ ነው ጋሽ ጎሹ። ሁለተኛ ሸፊቅ የለኝም።»