እትዬ ገነቴና የሙዱላው ገበያ ሼድ

ባልደረቦቼ፣ በዚህ የጡረታ ሽኝት ከራሴ ጥፋት ልጀምር። የዛሬ ሃያ ዓመት እትዬ ገነቴ ሆሳዕና ከተማ ያለው የዲዛይን ቢሯችን የገቡ ጠዋት ብሩሽና የቀለም ሣጥን ይዘው ነበር። ቀለም ቀቢ መስለውኝ፣ "እናቴ፣ የሚቀባው ግድግዳ ያውልዎት" አልኳቸው። ዞር ብለው አዩትና፣ "ግድግዳውስ ደህና ነው፤ መስኮቱን ያለቦታው ያስገባው ማነው?" አሉኝ። ለካ አዲሷ አርክቴክት እሳቸው ናቸው! መስኮቱን የነደፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ስንቴ ብሩሻቸውን ሻዬ ውስጥ እንዳጠቡ ተዉት። ሹፌራችን ዳኘ ምስክሬ ነው፤ ሳይት ሲወስዳቸው ሜትር ሳይዘረጉ ቁጭ ብለው ሰው ይስላሉ፣ እሱ መኪናው ውስጥ እንቅልፉን ይጠግባል። "ይሄ ለምን ይጠቅማል?" ስላቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ "ካልሳልኩት አላየሁትም።"

አሁን እውነቱን ልናገር። የሙዱላ ገበያ ሼድ ዲዛይን ሲዘገይብኝ፣ "ሥዕል እየሳሉ ሥራ ያጓትታሉ፣ ከፕሮጀክቱ ይነሱልኝ" የሚል ደብዳቤ ለኃላፊያችን ጻፍኩ። ሙዱላ ከገበያተኛው ጋር ስብሰባ የሄድነው ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ እያለ ነው። ፕላኔን ዘረጋሁ። ሰዉ መስመሩን ቢያይ ቢያይ አልገባውም። እትዬ ገነቴ ያንኑ የእኔን ሼድ ከነገበያተኛው፣ ከነከሰዓት ፀሐዩ ስለውት ኖሮ አጠገቡ አስቀመጡት። አንዲት ቅቤ ሻጭ ብድግ ብላ ሥዕሉ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

"እዚህ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ አይደል? ፀሐዩ ቅቤዬ ላይ ነው እኮ! ሊቀልጥብኝ ነው!"

ፕላኔ ላይ ልኩ ሁሉ ነበር፣ ሴትዮዋ ግን አልነበረችም። እዚያው ቁጭ ብለን ጣሪያውን አዞርነው፤ እሳቸው በብሩሽ፣ እኔ በማስመሪያ። ለኃላፊያችንም የእኔን ስም ጠርተው፣ "መሐመድአሚን ነው ያስተካከለው" ብለው ነገሩት። ደብዳቤውን ቀደድኩት።

እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ምን ያስቅዎታል? ያውቁ ነበር እንዴ? ... ሰማችሁ? "የደብዳቤህን ረቂቅ ጠረጴዛ ላይ ትተኸው ጀርባው ላይ ስዬበታለሁ" ነው የሚሉት!

እያወቁ ዝም ብለው አስተማሩኝ ማለት ነው። እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ። ዛሬ ዛሬ ማስመሪያ ከማንሳቴ በፊት ገበያ መሃል ቁጭ ብዬ ለመሳል እሞክራለሁ፤ የሳልኳትን ላም ግን "ውሻህ ታምራለች" ብለውኛል።

በሉ፣ ሁላችሁም ለስላሳችሁን አንሱ! ዓይንዎ አይድከም፣ እጅዎ አይዛል። ሞርሲቶ ከተማ ሲገቡ በልጆችዎ መሃል ፈጣሪ ረጅም ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎት። ለእትዬ ገነቴ!