በመድኃኒት ሻጩ በር ላይ ስለተሰቀለው ፎቶዬ

የምስክር መጠሪያ፦ በሰፈሩ «እሳቷ» የምትባል
ዕድሜ፦ 36
ሥራ፦ ልብስ ሰፊ
አድራሻ፦ ከዳቦ ቤቱ ጎን ያለው ስፌት ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ

ተጠርጣሪው ልጅ የሚያስወልድ መድኃኒት አለኝ የሚል ሰው ነው። እኔ ካገባሁ በኋላ ስምንት ዓመት ልጅ አልወለድኩም። ሐኪሜ መርምራ እንቁላሌ በየወሩ እንደማይለቀቅ፣ ችግሩም የሆርሞን መሆኑን ነገረችኝ። መጀመሪያ ክኒን ሰጠችኝ፤ አልሆነም። ቀጥላ እንቁላል የሚያሳድግ የሆርሞን መርፌ አዘዘችልኝ፤ በአልትራሳውንድ እያየች መጠኑን ታስተካክል ነበር። ሆዴ ላይ የምወጋው ራሴ ነበርኩ። ባለቤቴ ብረት በያጅ ነው፤ ግን ያቺን ቀጭን መርፌ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። በሦስተኛው ዙር ፀነስኩ። እነሆ ሰባት ወሬ ነው።

ከመፅነሴ በፊት አማቴ አዝነውልኝ ከተጠርጣሪው አንድ ጠርሙስ ገዝተው አመጡልኝ። ሐኪሜ እንዳልነካው አስጠነቀቀችኝ። አማቴን ላለማስቀየም ተቀብዬ ከክር ሳጥኑ ኋላ ደበቅኩት። እሳቸው ጠጥታዋለች ብለው፣ ሆዴ ሲገፋ በደስታ ፎቶዬን ወስደው ለሰውየው ሰጡት።

ዛሬ ረፋድ ላይ አንዲት ደንበኛዬ ቀሚስ ልትለካ መጥታ፣ ፎቶዬን በሰውየው በር ላይ አይታ፣ በእሱ መድኃኒት የፀነስኩ መስሏት እሷም የጀመረችውን የሆስፒታል መርፌ ከመሀል እንዳቋረጠች ነገረችኝ። ደሜ ፈላ። መቀሱን ጥዬ፣ ጠርሙሱን ይዤ፣ እሷን አስከትዬ እሱ ዘንድ ሄድኩ። ሴቶች አግዳሚው ላይ ተራ ይጠብቃሉ። ተጠርጣሪው እንዳየኝ፣ «ይኸው፣ ምስክሬ በእግሯ መጣች» አላቸው።

ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ «ክዳኑን እዩት። በታሸገበት ሰም ላይ የራሱ የአውራ ጣት አሻራ አለ፤ አልተከፈተም። ይህን ሆድ ያመጣው የሐኪሜ መርፌ ነው» አልኩ። ጠርሙሱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ተነሥተው ወጡ። ሥራዬን በጠበጠች ብሎ ፖሊስ የጠራው ራሱ ነው፤ ጉድጓዱን በገዛ እጁ ቆፈረ።

ደስ ብሎኛል፤ ይህም ይጻፍልኝ። ስምንት ዓመት መካን እየተባልኩ አንገቴን ደፍቼ ባለፍኩበት መንገድ፣ ዛሬ ሆዴን አስቀድሜ ተመለስኩ። ደንበኛዬንና እዚያ ተራ ሲጠብቁ ከነበሩት ሁለት ሴቶችን ነገ ጠዋት ሐኪሜ ዘንድ እወስዳለሁ። ስለዚህ ለተጨማሪ ጥያቄ ከተፈለግኩ ከሰዓት በኋላ ልጠራ።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። ከተናገርኩት የተጨመረም የተቀነሰም የለም፤ እውነት ስለሆነ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ ________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ________