ጃልዴሳ ያጋደመው ባትሪ

— ሄሎ... ሄሎ፣ የነገሌ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ቢረሳው ነኝ፣ የጣቢያው ኃላፊ... አዳነ! የእህቴ ልጅ! ድምፅህ ራቀብኝ... ቆመህ ነው የምታወራኝ? ወንበር ሳብና ተቀመጥ፤ ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ።

— አዎ፣ አውሮፕላኑ ጧት ተነሥቶ ተመልሶ አረፈ። ሰው አልሞተም፣ ተመስገን... ጉዱን ያመጣው የዚያ የነጋዴው፣ የዓብዱሰላም የጭነት መኪና ባትሪ ነው። ከፊልቱ አምጥቶ፣ ለጥገና አዲስ አበባ ይላክልኝ ያለው። አሲዱ ፈሶ ወለሉን በላው። ሽታው ፓይለቱን ሲያንቀው ገና ሳይርቅ ዞረ።

— ማን ጫነው?... ጃልዴሳ ነዋ! ሌላ ማን ጫኝ አለን?

— አዎ፣ አጋድሞ... አትጩህብኝ፣ እሰማሃለሁ። ሰውየው ዕድሜ ልኩን ግመል ሲጭን የኖረ ነው። ግመል ላይ የቆመ ዕቃ ይወድቃል፤ አጋድመው ነው የሚያስሩት። ይህንንም አጋድሞ፣ ሁለት ጊዜ በጠፍር አጠበቀው። ተጠንቅቆ እኮ ነው!

— ቆየኝማ... ጉያቱ፣ እጁን ከውሃው እንዳያወጣ ያዢው! ኦብሲ ጃልዴሳ፣ ታገሥ ወንድሜ...

— አለሁ፣ አለሁ። ሚስቱ ናት። አውሮፕላኑ እንዳረፈ ሮጦ ገብቶ አሲዱን በባዶ እጁ ሊጠርግ... ቆዳው ተገፈፈ፣ አዳነ። መዳፍ የሚባል አልቀረውም።

— ምን ብዬ ልጻፍ?... "መመሪያው ተነግሮት አልሰማም"? ጥሩ ነው! እጁም ሄደ፣ እንጀራውም ይሂድ!... ማን ነገረው? አንተ ከዋናው መሥሪያ ቤት የላክኸው የጭነት መመሪያ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ነው። እኔ ከዳዊት አላለፍኩም። "ለሠራተኞቼ አስተምሬያለሁ" ከሚለው ላይ ፈርምና መልስልኝ አልከኝ፤ ፈረምኩ። መጽሐፉ ይኸው መሳቢያዬ ውስጥ፣ የታሰረበት ክር እንኳ አልተፈታም።

— እኔን ያባርሩኛል?... ያባርሩኝ። የፈረምኩት እኔ፣ ያስፈረምከኝ አንተ፤ የሚቃጠለው እሱ?

— ስማኝ ልጄ። የስድስት ዓመት ልጅ ሆነህ፣ ወባ ሲያንዘፈዝፍህ፣ ዱብሉቅ ላይ መኪናችን ስትሰበር፣ ማን ከሐኪም አደረሰህ?... አዎ። ግመሉ ላይ አጋድሞ፣ እንዳትወድቅ በነጠላዬ ሁለት ጊዜ አጥብቆ ያሰረህ ይኸው የጃልዴሳ እጅ ነው።

— ትሰማኛለህ? እኔ ጥፋተኛው ቢረሳው ነው ብዬ እጽፋለሁ፤ አንተም እንዲሁ ጻፍ። ያንተን ድርሻ ለራስህ ተውኩልህ። ብቻ እባክህ፣ ብዕሩን ስታነሣ ያን እጅ አስብልኝ...

— ሄሎ?... አዳነ?... ሄሎ?