ቢራቢሮ ይዘው እንዳይወጡ

ያ ማክሰኞ ትዝ ይልሃል አርአያ? በግንቦት በረዶ የወረደበት፣ ነገሬ ሁሉ የተበላሸበት ማክሰኞ… ተወው፣ ተወው። ዛሬ ለመዝናናት ነው የመጣነው። ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ስንወጣ ብርዱ ሲቆነጥጠን ነበር፤ እዚህ መስታወት ቤት ውስጥ ግን ኮት ያስወልቃል። መነጽሬ ጭጋግ ለብሶ ማንንም በደንብ አላይም። አንተ ታያለህ? ኩሬው አጠገብ እንግዶች ከብበውት የቆመው ባለ ከረባት ማነው?… አትንገረኝ። ስም ምን ያደርግልናል? ጀርባው ደስ ይላል። አንዳንድ ሰው ከፊቱ ይልቅ ጀርባው ይታወሳል፤ ሲሄድ ስላየኸው።

ድምፅህን ቀንስ? ምን አልኩ ታዲያ? የሰው ስም አነሳሁ? ስለ ቢራቢሮ እኮ ነው የማወራው።

እሪ በከንቱ ሰፈር ጭቃ ስናቦካ ላደግን ሰዎች ይሄ ገነት አይደለም ትላለህ? ሙዙን እየው፣ ፏፏቴውን እየው። ያቺ ሰማያዊዋ ደግሞ ትከሻህ ላይ አረፈችልህ፣ አትነቃነቅ። ፒያሳ ላይ የቢራቢሮ ቤት ይሠራል ብሎ ማን ገመተ? መሥራቹን ያቆይልን! ትሑት ሰው ነው። በሕይወቱ አንዲት ውሸት ወጥታው አታውቅም፤ ይሄን እኔ ራሴ እመሰክርለታለሁ።

አስጎብኚዋ ልጅ፣ ፈይሩዝ፣ በር ላይ ስትተርክ ሰማሃት? «መሥራቻችን በተማሪነታቸው፣ እናታቸው አጥር ሥር በተከሉት ጤና አዳም ላይ የመጀመሪያዎቹን ቢራቢሮዎች አረቡ» ስትል እንባዬ መጣ። አንተስ? ያን ጤና አዳም እኮ ታውቀዋለህ! ቤታችን ስትመጣ ሳትጠይቅ የምትቀጥፈው፣ እትዬ አዳነች የምትላት ሴትዮ አጥር ሥር የነበረው። አዳነች የማን እናት ነበረች?… እኔም ተምታታብኝ። ይሄን ሁሉ ዘመን የኔ ትመስለኝ ነበር።

ልጅቷ አልተሳሳተችም እኮ። ለትምህርት ከክፍለ ሀገር የመጣ፣ እዚህ ዘመድ የሌለው ልጅ፣ እሑድ እሑድ በእናቴ እጅ ሲጎርስ፣ «እማዬ» ሲላት ከርሞ፣ እናቴ ነበረች ቢል ምን ነውር አለው? ትልቁን ጉርሻ ለሱ ነበር የምትሰጠው። ወለደችው በለው። አንድ ነገር ብቻ ነው ያልገባኝ… ስትሞት ለቅሶዋ ላይ አላየሁትም። አርአያ፣ የገዛ እናቱን ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ገጥሞህ ያውቃል? ሥራ በዝቶበት ይሆናል። ትልቅ ሰው አይደል!

ያ ማክሰኞስ ቢሆን እሱ ምን አጠፋ? የኮሌጃችን የምርምር ዐውደ ርእይ የሚከፈትበት ጠዋት እናቴ ታማ ወደቀች፤ ሐኪም ቤት ይዣት መሮጥ ነበረብኝ። ከትልነታቸው ጀምሬ ቅጠል እያቀረብኩ ያሳደግኳቸውን ቢራቢሮዎች ከነሳጥናቸው ሰጠሁት። «አደራ፣ እስክመጣ ቁምልኝ» አልኩት። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይሉ የለ አባቶቻችን? ሰው ደግሞ ከተረት የሚመቸውን ግማሽ ነው የሚይዘው፤ እሱ የሰማዩን መራቅ ያዘ። መምህራኑ ሳጥኑ ዙሪያ ተሰብስበው «ግሩም ነው! የማን ሥራ ነው?» ሲሉ… አልዋሸም። የኔ ነው አላለም። ፈገግ ብሎ አንገቱን ሰበር አደረገ። ትሕትና ነዋ! አንተም አጠገቡ ነበርክ፤ ጫማህ ጠቦህ ነው መሰለኝ፣ ወደ እግርህ ታይ ነበር አሉ። ያንተን ዛሬ አናነሳውም።

ለውጭ አገር ትምህርት እሱ ተመረጠ። ብጠይቀው «ያንተ ነው ያሉኝ እነሱ ናቸው» አለኝ። እውነቱን እኮ ነው። የሰጡትን መቀበል ኃጢአት ነው እንዴ? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ አንዳንዱ እንቁላል ግን በሰው እጅ ነው የሚሄደው፤ ይፈጥናል። እኔም አልከፋኝም። በየዓመቱ ለተማሪዎቼ ሰሌዳው ላይ ቢራቢሮ እሥላለሁ፤ እንቁላሉን፣ ትሉን፣ ክንፉን። ደወል ሲደወል በዳስተር ይጠፋል። የኔን ደግሞ ማንም ተሸክሞት አይሄድም፤ ጠመኔ ነው።

የልጅቷን ሁለተኛ ወሬ ሰማህ? እነዚህ ቢራቢሮዎች እዚህ አይራቡም፤ ከውጭ በሳጥን ተልከው ነው የሚመጡት። ልማድ መጥፎ ነው መቼም፤ አንዴ በሳጥን መቀበል የለመደ… ከበሩ ውጪ ግን ጤና አዳም አስተክሎ ነበር፤ ለትረካው እንዲያምር። ታዲያ ያገራችን ቢራቢሮ ቅጠሉን አውቃ መጥታ እንቁላሏን ጣለችበት። እንቁላሉ ትል ሆነ፤ ትሉም እንደ ወጉ ቅጠሉን መብላት ያዘ። ባለ ከረባቱ ምን አደረገ መሰለህ? «አትክልቴን ትል ጨረሰው!» ብሎ መድኃኒት አስረጨ! የቢራቢሮ ቤት አለቃ የቢራቢሮ ልጆችን ፈጀ! ፈይሩዝ ምስኪን «በጣም ጽዱ ናቸው» ብላ ነው የነገረችን። አትሳቅ አርአያ፣ ነውር ነው። ምን ያድርግ? ሳጥኑ እጁ ሲገባ ክንፍ አውጥተው ነበር። መጀመሪያ ትል እንደነበሩ ማን ይንገረው?

በል እንውጣ፣ ላብ ሊጨርሰኝ ነው። ቆይ… መውጫው ላይ የተጻፈውን አንብብልኝ። «እባክዎ ከመውጣትዎ በፊት ልብስዎን በመስታወቱ ይመልከቱ፤ ቢራቢሮ ይዘው እንዳይወጡ።» አቤት ጨዋነት! ያልደከሙበትን ቢራቢሮ ይዞ መውጣት ነውር መሆኑን እንዲህ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው… የት ተማረው?

አየኸው፣ ዞረ። አሁን መነጽሬም ጠራ። እንግዶቹም ወደኛ ያያሉ፤ እሱ ግን ያቺን ቅጠል ምን እንዲህ አትኩሮ ያያል? ትል አግኝቶባት ይሆን?

እኔ ወንበሩን አልፈልግ፣ ከረባቱን አልፈልግ። ያን ቀን የተጠየቀው ጥያቄ ብቻ ነው እስካሁን ጆሮዬ ላይ የቀረው፤ «የማን ሥራ ነው?» እንግዶቹ ፊት «የአዳነች ልጅ ነው ያረባቸው» ለማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል? ግን ሰው እንግዳ ፊት አይጠየቅም፤ እናታችን እንዲህ አድርጋ አላሳደገችንም። ይልቅ እንመርቀው። እጅህን ዘርጋ አርአያ፤ ጮክ ብዬ ነው የምመርቀው፣ ምርቃት አይደበቅም።

ዕድሜውን ያርዝመው። ደጁ እንግዳ አይጣ፣ መስታወቱ አይሰበር። እናቴ አጉርሳዋለችና ጉርሻዋ ይከተለው። በጭንቁ ቀን ደግሞ፣ የሚወዳት ስትወድቅበት፣ የደከመበትን ሁሉ «አደራ» ብሎ የሚያስጨብጠው ወዳጅ አይጣ። ያንንም ወዳጅ እግዜር ቁርጥ ራሱን አስመስሎ ይስጠው።

… ምነው ዝም? ምርቃት ያለ አሜን ሜዳ ላይ ይቀራል እኮ። ያኔም ዝም፣ ዛሬም ዝም? አሜን በል እንጂ አንተ ሰው!